ወደ ማረሻቸው ያልተመለሱት ጋሽ ደምሰው

ጋሽ ደምሰው ማረፋቸውን የሰማሁት ረቡዕ ቀን፣ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዕረፍት ስወጣ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ገና «ነፍስ ይማር» ሳልል በልቤ ያለፈው ሐሳብ «ታዲያ ቆዩልን ብሎ የሚለምናቸው ሰው ሳያገኙ እንዴት አስችሏቸው ሄዱ?» የሚል ነበር።

ወዲያው አማተብኩ። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር እንደሆነ እየተነገረኝ ነው ያደግሁት። ይህንንም የምጽፈው ከንስሐ አባቴ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ነው። «እውነት ከሆነ ጻፊው፤ ስትጽፊ ግን የራስሽንም እንዳትዘይው» ብለውኛል። አልዘለውም።

የደወለችልኝ ልጃቸው ቤዛ ናት።

«እትዬ አስካለ፣ ዳዲ ሁሉን ነገር ራሱ አዘጋጅቶ ነው ያለፈው» አለችኝ እያለቀሰች።

«ሁሉን ነገር ስትዪ፣ የኔ ልጅ?»

«የሕይወት ታሪኩን። ራሱ ነው የጻፈው። ታይፕ ተደርጎ፣ ስቴፕል ተደርጎ አገኘሁት። ላዩ ላይ ‹በማኅበራችን ጸሐፊ በወይዘሮ አስካለ ይነበብ› ይላል። ሶ… ኦኬ ነው አይደል?»

«ስንት ገጽ ነው?»

«ናይን።»

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በለቀስተኛ ፊት ይነበባል። ቤተሰቡ ይጽፈዋል፣ ድምፁ ደህና የሆነ ሰው ያነበዋል፤ ሟች ሁሉ ደግ፣ ታታሪና ሰው ወዳድ ሆኖ ይሸኛል። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ዘጠኝ ገጽ የሕይወት ታሪክ፣ ያውም ሟች ለራሱ የጻፈው፣ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሰው አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበሩ። ሲያትል ከመጡ ወዲህ መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ መግቢያው ላይ ባለች ትንሽ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ሥራ ክቡር ነው፤ እኔም የሰው አንሶላ ነው የማጥበው። እሳቸው ግን ዳሷን «ቢሮዬ» ነበር የሚሏት። በኮታቸው እጅጌ እጃቸውን አያስገቡም፤ በትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል እንጂ። በዚያ በማያባራው የሲያትል ዝናብ አንድ ቀን «ጋሽ ደምሰው፣ ብርድ ይመታዎታል፤ ለምን በደንብ አይለብሱትም?» ብላቸው፣ ዘወር ብለው አዩኝና «የሮማ ታላላቅ ሰዎች ካባ እንጂ እጅጌ አያውቁም ነበር» አሉኝ። ለጉንፋን እንኳን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰው ነበሩ።

መረዳጃ ማኅበራችን የተቋቋመው በሰፈራችን በሬኒየር ቫሊ የባቡሩ መንገድ በሚቆፈርበት ዘመን ነው። አንድ ወገናችን ሞቶ አስከሬኑን የሚረከብ ሰው ጠፋ፤ ደነገጥንና ተሰባሰብን። ከአንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ተከራየን፤ አዳራሽና ከጀርባው ወጥ ቤት አለው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ሊቀ መንበር እንምረጥ ሲባል ሁሉም ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረ። መምህር ናቸው፣ ሽበት አላቸው፣ ንግግር ያውቃሉ።

«አይገባኝም» አሉ። ለመንናቸው። «ጤናም የለኝ» አሉ። እንደገና ለመንናቸው። በሦስተኛው ተነሡ፤ ኮታቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ያን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን።

«ከጌታ ልደት ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሮማ ሲንሲናተስ የሚባል ታላቅ ሰው ነበር። የመኳንንት ዘር ነው። ልጁ ከተራው ሕዝብ ጋር ተጣልቶ ተከሰሰ፤ ከፍርድ ሸሽቶ ተሰደደ። አባት በዋስትናው ምክንያት ሀብቱን አጣና ከወንዝ ማዶ በአንዲት ቁራሽ ማሳ ላይ ድሃ ገበሬ ሆነ። አንድ ቀን ጠላት የሮማን ጦር ተራራ ላይ ከበበው። የአገሩ ሽማግሌዎች መልእክተኛ ላኩበት። ሲደርሱ እርፍ ጨብጦ ያርሳል! ‹ልብስህን ልበስና የሕዝቡን ቃል ስማ› አሉት። ሚስቱን ጠርቶ ‹ካባዬን አምጪልኝ› አላት። ላቡን ጠረገ፣ ለበሰ። ያን ጊዜ ‹ከዛሬ ጀምሮ የሁላችን አዛዥ አንተ ነህ› አሉት። ሥልጣኑ ለስድስት ወር ነው፤ ከእሱ በላይ የሚያዝ የለም። ስንት ቀን የቆየበት ይመስላችኋል?»

ራሳቸው መለሱት።

«አሥራ ስድስት ቀን! ጠላትን ድል ነሣ፣ ሥልጣኑን ለባለቤቱ መለሰ፣ ወደ ማረሻው ሄደ። እኔም የማረሻ ሰው ነኝ። ለስድስት ወር ብቻ እቀበላችኋለሁ። ከዚያ ወደ ማረሻዬ።»

አጨበጨብን። ከሴቶቹ እንባዋን የጠረገች ነበረች። እኔ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመት ቆዩ።

እንዴት እንደቆዩ ልንገራችሁ። ማንንም አላስገደዱም፤ ድምፅም አልሰረቁም። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው «በቃኝ» ሲል «እሺ» አይባልም። እንግዳ ልሂድ ብሎ ሲነሣ «ተቀመጥ እንጂ! ገና ምን በላህና!» ብለን እጅጌውን እንደምንጎትተው ነው፤ መሄዱን ብንፈልግ እንኳን እንጎትተዋለን። ጋሽ ደምሰው ይህችን ይሉኝታችንን አወቋትና እንደ በርጩማ ተቀመጡባት። በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደረግ፣ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የአዳራሹን ቁልፍ ያወልቁና ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል። ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰብረው፣ «አደራችሁን ተረከቡኝ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ወደ ማረሻዬ ልመለስ» ይላሉ።

ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። ያን ጸጥታ መጀመሪያ የማፈርሰው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጭንቀቱን ስላልቻልኩት ብቻ «ኧረ ጋሽ ደምሰው! ማንን አምነው ይተዉናል?» አልኩ። ሌላው ተከተለኝ፤ ወንዶቹ ተነሥተው ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አሉ። በሁለተኛው ዓመት ሰው ሁሉ እኔን ያይ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ትንሽ ብዘገይ ጋሽ ደምሰው ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ገባኝ፤ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ «አይሆንም፣ ደክሞኛል» ይላሉ። በሦስተኛው አፋቸው ገና ሳይመልስ እጃቸው ቁልፉ ላይ ናት።

በዘመናቸው ምን ሠሩ ብትሉኝ፣ ተናገሩ። ሰባት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል፤ ሮማ ደርሶ እስኪመለስ አሥራ አንድ ይሆናል። ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይናገራሉ፤ በሬኒየር ቫሊ ሮማ ሳትጠቀስ አፈር የለበሰ ሰው አላውቅም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብላ «አስካልዬ፣ ያ ሲንሲ ምናምን የሚሉት የባለቤቴ ዘመድ ነው እንዴ?» ብላኛለች።

ማረሻውስ የታለ? ይህን የጠየቀው አንድ ቀልደኛ ታክሲ ነጂ ነው። «ጋሽ ደምሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማረሻዎን ሲያትል ውስጥ የት ነው ፓርክ ያደረጉት?» አላቸው በጉባኤ መሀል። ሳቁ ሳይበርድ በሁለተኛው ወር ማውንት ቤከር አካባቢ ከተማው ለነዋሪ ከሚሰጣቸው የአትክልት ቦታዎች አንዷን ወሰዱ። አልጋ የምታህል መሬት ናት። ሕጉ ቀላል ነው፤ ካለማህ ያንተ ነው፣ አረም ከዋጠው ደብዳቤ ይጻፍልሃል፣ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል።

ለምርቃቱ ጠሩን። ኮታቸውን በትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ዶማ አነሡ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ዶማ የያዘ ሰው ሳይ አውቃለሁ። ጋሽ ደምሰው የከተማ ዳኛ ልጅ ነበሩ፤ እጀታውን ጫፉ ላይ እንደ ከዘራ ነበር የጨበጡት። ሦስት ጊዜ አፈሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ ያልወጣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ዶማውን አጠገባቸው ለቆመችው ሴት አቀበሏት። ዶማው በዚያው እጇ ላይ ቀረ።

ያቺ ሴት እትዬ ይርገዱ ናት። ከጉራጌ አገር ተነሥታ አዲስ አበባ የኖረች፣ በስተርጅና ልጇ ያስመጣት፣ ቢሮ እያጸዳች የምታድር ሴት። ቃልን እንደ ቃል ነው የምትሰማው። «ብዪ» ካሏት ትበላለች፤ «አልራበኝም» ካልሻት አትለምንሽም። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ባላገርነት ቆጥረንባት ነበር። የሲያትል ዝናብና ጎመን እንደሚስማሙ ያወቀችው እሷ ናት። በጋሽ ደምሰው «ማረሻ» ላይ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ዘራች፤ ከሥራ ስትመለስ በአውቶቡስ እየሄደች አረመች። እሑድ እሑድ በማለዳ ከጋሽ ደምሰው ቤት ቁልፉን ለምና ታመጣና፣ በአዳራሹ ወጥ ቤት ትቀቅላለች፤ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ትዘረጋለች።

ጠረጴዛዋ ለአዲስ መጪዎች ነበር። በዲቪ የመጣ፣ በትምህርት የመጣ፣ አውቶቡስ የማያውቅ፣ አክስቱ ቤት ሶፋ ላይ የሚያድር። ሃይማኖት አትጠይቅም። «ማን ነህ? መቼ መጣህ? በላህ?» ይህችው ናት ጥያቄዋ። ከዚያ ሆስፒታል የሚሠራውን ሥራ ከሚፈልገው አጠገብ፣ ክፍል የምታከራየውን ቤት ካጣችው አጠገብ ታስቀምጣለች። በዚያ ጠረጴዛ ሥራ ያገኘ አለ፣ ቤት ያገኘ አለ፣ ሚስት ያገኘም አለ። ጋሽ ደምሰው በንግግራቸው «የእንግዳ አቀባበል ፕሮግራማችን» ይሉታል። ሁለት ሰሐን ይበሉ ነበር።

በስምንተኛው ዓመት ዳግም ትንሣኤ ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት ነበር። ጋሽ ደምሰው እንደ ልማዳቸው ቁልፉን አወለቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አደራችሁን ተረከቡኝ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ወደ ማረሻዬ ልመለስ።»

ጸጥታ ሆነ። ሰው እኔን አየ፤ እኔ ጉሮሮዬን አሳየሁ። ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደገሙት።

እትዬ ይርገዱ እጇን በሽርጥዋ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣች።

«እሺ፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙ ደከሙልን፤ ይረፉ» አለች። ቀረብ ብላም ቁልፉን አነሣች። «እሑድ እሑድ በማለዳ የምመጣው እኔ ስለሆንኩ፣ ሌላ ሰው እስክትመርጡ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ጋሽ ደምሰው ቀና አሉ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት ያጡ ይመስለኛል።

«ማረሻውም ደህና ነው» አለች እትዬ ይርገዱ፣ ዝምታቸው ለማረሻው ማሰብ መስሏት። «ጎመኑ ደርሷል። ነገ አብረን እንሂድ፤ አውቶቡሱን አሳይዎታለሁ።»

«ወይዘሮ ይርገዱ… ጉባኤው ገና አልወሰነም» አሉ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የወሰኑት?»

ያን ጊዜ ልመናው ፈነዳ። «ኧረ አይሆንም!» «ጋሽ ደምሰው፣ ቆዩልን!» እንደዚያ ቀን ተለምነው አያውቁም፤ ሁላችንም አፍረን ስለነበር ጮኽን። እትዬ ይርገዱ ቁልፉን እንደያዘች መሀል ላይ ቆማ ቀረች። እኔን አየችኝ። «አስካል፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ድምፅ ባይኖረኝም አንገት ነበረኝ፤ ‹ምንም አላጠፋሽም› ብዬ ልነቀንቅላት እችል ነበር። በአገጬ ወደ ጠረጴዛው አመለከትኳት። መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያው ሳምንት ሥራ አመራሩ ተጠራ፤ አምስት ነን። ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን በክራባታቸው እየወለወሉ፣ «ሴትዮዋ ሕዝብ እያበላች ነው» አሉ። «ሕዝብ የሚያበላ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚፈልግ ታሪክ ያውቃል።»

«ምን ይፈልጋል?» አለ አንዱ።

«ወንበር!»

እትዬ ይርገዱ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳን አይቼ አላውቅም፤ ቆማ ነው የምትበላው። ይህን አልተናገርኩም። «ወይዘሮ ይርገዱ ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ወጥ ቤት እንዳይጠቀሙ፣ በማኅበሩ ስም ሰው ከመሰብሰብም እንዲታቀቡ…» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጋሽ ደምሰው አረፍተ ነገር ረዝሞ ስለነበር አሳጥሬ አስተካከልኩት። እሑድ በማለዳ በሩ ላይ ጠብቄ ሰጠኋት። ድስቷን በፎጣ አስራ ተሸክማ ነበር።

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ወንጌል ሲነበብ ልሰማ ወደ ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው በሚያመሰግነው ድምፄ፣ ከላይ እስከ ታች ከነማኅተሙ አነበብኩላት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «ደህና ታነቢያለሽ» አለች። ቆም ብላም «ልጆቹ ዛሬ ምን ይብሉ?» አለችኝ። ድስቷን አነሣችና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። ኋላ የቤት ኪራይ ሲንር ከልጇ ጋር ከከተማው ውጭ ወዳለው ማውንትሌክ ቴራስ ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ።

አልጋ የምታህለዋን መሬት በዓመቱ ብላክቤሪ የሚባል እሾሃም ሐረግ ዋጣት። እሾሁ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ። ከተማው ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈና ለአንዲት ቬትናማዊት ሰጣት። ጋሽ ደምሰው በጉባኤ ላይ «ማረሻዬን እንኳን ለእናንተ ስል ሠዋሁ» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

በእነዚያ ወራት ልጄን ለትምህርት ቤት ሥራ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳት። እሷ የራሷን ስትፈልግ እኔ ስለዚያ ሮማዊ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ጠይቄ አገኘሁና «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። በእንግሊዝኛ እያነበበች በተሰባበረ አማርኛ ትነግረኛለች። ማረሻው አለ፣ ካባው አለ፣ አሥራ ስድስቱ ቀን አለ። ገጹን ገለጠች። ታሪኩ አላለቀም ነበር።

ሲንሲናተስ ካረጀ በኋላ፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት፣ በሮማ ረሀብ ገባ። ሜሊየስ የሚባል አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር እህል እያስመጣ ለድሆች አደለ። ድሆች ወደዱት። መኳንንቱ ‹ይህ ሰው በእህል ሕዝብ ገዝቶ ሊነግሥ ነው› አሉና ሽማግሌውን ከማረሻው እንደገና ጠሩት። ሜሊየስ ለፍርድ ሲጠራ ፈርቶ ወደ ሕዝቡ ሸሸ፤ የሽማግሌው ምክትል ተከታትሎ በአደባባይ ገደለው። ሲንሲናተስ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ‹በሚገባ ተገደለ› አለ። የሟቹን ቤትም አስፈረሰ። ከዚያ ሥልጣኑን መልሶ፣ አሁንም ወደ ማረሻው ሄደ።

«ማሚ፣ ዌት» አለችኝ ልጄ። «ሶ ሂ ጌቭ ፒፕል ፉድ፣ ኤንድ ዘይ ኪልድ ሂም?»

«አዎ» አልኳት። «ምግብ ስለ ሰጠ።»

«ባት ሁ ሰይድ ኢት ዋዝ ኦኬ?»

‹ታዲያ ልክ ነው ያለው ማን ነው?› ብላ የጠየቀችኝ ስለ ሮማ ነው። እኔ የማኅተሙ ቀለም ጣቴ ላይ ያለ መሰለኝና እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።

በማግሥቱ ወደ ጋሽ ደምሰው ዳስ ሄድኩ። በመስኮቷ ጎንበስ ብዬ «ጋሽ ደምሰው፣ እህል ስላደለው ሰውዬ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በክራባታቸው ወለወሉ። «አንብበሽ ነው?»

«ልጄ አንብባልኝ።»

«ያ ዝርዝር ነው፣ ወይዘሮ አስካለ። ታላላቅ ሰዎች በዝርዝር አይመዘኑም።»

መኪና መጣ። ቁልፍ ተጭነው ማገጃውን አነሡለት፣ አሳለፉት፣ መልሰው አወረዱ። በእውነተኛ ሥልጣናቸው ላይ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሮማዊውስ ቢሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ ሄዷል» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«ክፉም ሠርቶ፣ ደግም ሠርቶ፣ ሲጨርስ ሄዷል። እርስዎ ግን…»

«እኔ መች እምቢ አልኩ?» አሉኝ ከልባቸው ተገርመው። «በየዓመቱ ቁልፉን አስቀምጥ የለም እንዴ? የማትለቁኝ እናንተ! ያውም መጀመሪያ የምትለምኚኝ አንቺ!»

ይህ ሰው በዘመኑ አንድ እውነት ተናግሮ ከሆነ ይህችው ናት። ንቀቴ ከዳሷ መስኮት ጋር ተጋጭቶ ወደ ራሴ ተመለሰ። ታዲያ ጸሐፊነቱን ለቀቅሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቅሁም። እስከ መጨረሻው ለመንኳቸው፤ ድምፄን ቀነስ አድርጌ ብቻ። ሰው እየሳሳ ሄደ፤ ወጣቶቹ ሌላ ማኅበር መሠረቱ፤ በመጨረሻው ጉባኤ ስምንት ነበርን። ፈረንጆቹም የአዳራሹንና የወጥ ቤቱን መዝጊያ ቀይረው ቁጥር የሚነካበት አደረጉት፤ ቁጥሩ የተሰጠው ለእኔ ነው። የጋሽ ደምሰው ቁልፍ ምንም አይከፍትም ነበር። ያንኑ ቁልፍ በየዓመቱ ያወልቃሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ይለመናሉ፣ ያነሡታል። እኔም እንደማይከፍት እያወቅሁ አልነግራቸውም።

ዘጠኙን ገጽ ከቀብሩ በፊት ቤቴ አነበብኩት። ሮማ ሁለተኛው ገጽ ላይ ትጀምራለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። «አንዲት ሥልጣን ፈላጊ ሴት ሕዝቡን በጎመንና በድንች ልትገዛ በተነሣች ጊዜ፣ አቶ ደምሰው በቆራጥነት ማኅበሩን ከጥፋት አዳኑ» ይላል። ወደ ንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሟች ያዘዘውን ማጉደል ኃጢአት ነው?»

«ምን አዘዘ?»

አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ የሞተ አይወቀስም» አሉኝ። «የሞተ ቆሞ የሚሄደውን ይውቀስ ተብሎም የታዘዘበት አላውቅም። ያቺ ሴት ትመጣለች?»

«እንኳን ልትመጣ፣ አልነገርኳትም።»

«ንገሪያታ!»

በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደወልኩላት። ስለ ደብዳቤው ላወራት አፌን ስከፍት፣ «የቀብሩ ሰዓት ስንት ነው? ልቅሶ አይቀርም» አለችኝና ዘጋችው።

ከቀብር መልስ አዳራሹ ሞላ። በሕይወት ሳሉ የሸሿቸው ሁሉ መጥተዋል፤ ሞት ላይ እኛ ጎበዞች ነን። እትዬ ይርገዱ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ እግሯ ሥር በፎጣ የታሰረ ድስት አኑራ ተቀምጣለች። ሰው ሳይበላ እንዳይሄድ ከማውንትሌክ ቴራስ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ያመጣችው ነው። ላባረሯት ሰው ልቅሶ።

ማንበብ ጀመርኩ። ልደት፣ ትምህርት፣ ሮማ። አምስተኛው ገጽ ላይ ከፊት የተቀመጡ ሁለት አዛውንት አንቀላፍተው ነበር። ስድስተኛውን ገጽ አጥፌ ከወረቀቶቹ ሥር ከተትኩት። ቤዛ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። አንገቷን ደፋች። አንብባው ነበር ማለት ነው።

ሰባት። ስምንት። የዘጠነኛው ገጽ ማለቂያ እንዲህ ይላል፤ «እነሆ ዘመኔን ፈጸምኩ። አደራችሁን ተረከቡኝ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ወደ ማረሻዬ ልመለስ።»

ሰውዬው ለሞታቸው እንኳን ልመና አዘጋጅተው ነው የሄዱት።

ጸጥታ ሆነ። ያው የድሮው ጸጥታ። የድሮዎቹ አባላት፣ ምናልባት ሳያውቁት፣ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ከመሀል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልማድ ክፉ ነው። ድምፄ ደህና ነበር፤ ጉንፋንም አልያዘኝም። ከሰው ራስ በላይ እትዬ ይርገዱን አየኋት።

«እሺ፣ ጋሽ ደምሰው» አልኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልን። ይረፉ።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ከኋላ አንድ ሰው «አሜን» አለ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሰው ለመብላት ተነሣ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ እትዬ ይርገዱ ድስቷን አቅፋ ቆማለች። ሌሎችም ያመጡትን ይዘው ከኋላዋ ተሰልፈዋል።

«ተቆልፏል» አለችኝ።

«በቁጥር ነው የሚከፈተው።» እንደ ለመድኩት ልከፍት እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መለስኩት። ከቦርሳዬ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አወጣሁና ዘረጋሁላት። «እትዬ ይርገዱ፣ ያዢው። ያንቺ ይሁን። የበደልኩሽን…»

ወረቀቱን አየችው። ድስቷን መሬት አኖረች፣ ጣቷን ወደ መዝጊያው አስጠጋች።

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ» አለች።

አራቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩላት። አንድ በአንድ ነካችው። በሩ ተከፈተ።

«ደህና ታነቢያለሽ» አለችኝና ድስቷን አንሥታ ገባች።